በፋቂዎች ደረጃ ሥር የተገኘው እንግዳ

እንግዳው የተገኘው ማክሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ ነው። በቬሊኮ ተርኖቮ አሮጌው ሰፈር፣ የፋቂዎች ደረጃ በሚባለው ጠባብ የድንጋይ መውረጃ ሥር በጀርባው ተንጋሎ፣ የሱፍ ቆቡ ቅንድቡ ድረስ ወርዶ ነበር። መንገድ ጠራጊዋ ሰካራም መስሏት በመጥረጊያዋ እጀታ ጎሰም አድርጋው፣ "ተነስ አንተ፣ በዚህ ብርድ ልትሞት ነው?" ብላ ገሠጸችው። ከዚያ ጎንበስ ብላ ፊቱን አየችና መጥረጊያዋን ጥላ ወደ ዳቦ ቤቱ ሮጠች።

ኢንስፔክተር ዳፊና ኮሌቫ እያነከሰች ወጣች። ዕድሜዋ ሃምሳ አራት ነው፤ ጉልበቷ ግን ሰባ ከሞላው ቆይቷል። የተወለደችው ከዚህ ደረጃ አራት ቤት ራቅ ብሎ ሲሆን፣ ፖሊስ በሆነች በሁለተኛው ዓመት ታች አዲሱ ከተማ አሳንሰር ያለው ሕንፃ ላይ ቤት አግኝታ ወርዳለች። ቱሪስቱ ይህን ኮረኮንች ሊያይ ባሕር ተሻግሮ ይመጣል፤ እሷ ሰው ካልሞተ በቀር አትወጣበትም።

ሳጅን ትሪፎን ቀድሟት ደርሶ እጁን በትንፋሹ እያሞቀ ነበር። ሃያ ዓመት አብረው ስለሠሩ ሰላምታ ከተዉ ቆይተዋል። ሟቹ ዴንማርካዊ ነው፣ ፕሬበን ይባላል፣ ከሚስቱ ከኢንገር ጋር ለሦስት ቀን ሽርሽር መጥተው ታች ካለው የእንግዳ ማረፊያ አርፈዋል፤ ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ነገራት።

"የራስ ቅሉ ከኋላ ተመትቷል" አለ። "ተንሸራቶ ነው እንዳልል..."

"ምን አንሸራተተው?"

"እሱን እኮ ነው የምልሽ።"

በረዶ ከጣለ ሁለት ሳምንት አልፎታል። ብርዱ ከዜሮ በታች አሥራ አንድ ቢሆንም ደረቅ ብርድ ነው፤ ደረጃው ላይ ጠብታ እርጥበት የለም። ዳፊና እያቃሰተች ቁጢጥ አለችና ሬሳውን ዙሪያውን ተመለከተችው። የጫማው ሁለት ተረከዝ ከኋላ ተልጧል። ካፖርቱ ብብቱ ሥር ተጨማድዶ ወደ ላይ ተሰብስቧል። ትሪፎን ገልበጥ ሲያደርግላት ጀርባው ላይ መዳፍ የሚያክል በረዶ ተጋግሮ፣ በረዶው ውስጥ አንድ አረንጓዴ ቅጠል ተጣብቆ ታየ።

"ይሄ ሰው በእግሩ አልመጣም" አለች። "ብብቱን ይዞ የጎተተው አለ። ቅጠሉስ?"

"የጤና ቅጠል ነዋ። ብርድ ሙቀት አይል፣ በየጓሮው አለ።" ትሪፎን በአገጩ አንድ ክንድ ርቀት ላይ ወዳለው በር ጠቆመ። "እዚህም ግቢ ሞልቷል።"

በሩ የስፓስ ነው፤ የአስጎብኚው። በሩ ላይ የሚስቱ የሞት ማስታወቂያ ከነፎቶዋ ተለጥፏል፤ ከሞተች ሠላሳ ስምንተኛ ቀኗ ነው። ትሪፎን ድምፁን ዝቅ አድርጎ ትናንት ሰፈሩ ሁሉ ያየውን ነገራት። ሟቹ ትልቅ ካሜራውን ይዞ ያንን ማስታወቂያ ፎቶ ሲያነሳ ስፓስ ወጥቶ የካሜራውን ማንገቻ ጨመደደው። ደግመህ እዚህ በር ላይ ባይህ ጭንቅላትህን እሰብረዋለሁ አለው። ዛሬ ሰውየው ጭንቅላቱ ተሰብሮ እዚያው በር ላይ ተገኘ፤ ካሜራውም የለም።

"ነገሩ ከቁርስ በፊት አለቀ" አለ ትሪፎን።

ዳፊና ከቁርስ በፊት የሚያልቅ ነገር አትወድም። ስፓስን ግን ያዘችው፤ ምን ታድርግ።

ስፓስ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ መዳፎቹን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ጠበቃት። ሃያ ዓመት ቱሪስት ሲያስቅ የኖረ ሰው ነው፤ ዛሬ ግን ጢሙ አድጓል፣ ሸሚዙ ተጨማድዷል። ዛቻውን አልካደም።

"ብያለሁ" አለ። "ሃያ ዓመት ፎቶ አንሱኝ፣ ፎቶ አንሱልኝ ስል የኖርኩ ሰው ነኝ። ያቺ ወረቀት ግን ለጎረቤት ናት። ጎረቤት አይቷት ነፍስ ይማር ብሎ እንዲያልፍ ነው የለጠፍኳት። እሱ ጎንበስ ብሎ፣ አንዴ በግራ አንዴ በቀኝ፣ ልክ አሮጌ የበር መቆለፊያ ፎቶ እንደሚያነሳ..."

"ዛሬ ጠዋት የት ነበርክ?"

"መቃብር።"

"ማን አየህ?"

"እሷ አለች። ጥሪና ጠይቂያት።"

የመቃብሩ ዘበኛ ከሦስት ሰዓት በፊት አይገባም። ሻማ በርቶ ነበር፤ ሻማ ግን ስም አይናገርም። ዐቃቤ ሕጉ ስልክ ደውሎ ዛቻ አለ፣ ቦታ አለ፣ የጠፋ ካሜራ አለ፣ ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ አላት። ነገ ረቡዕ ስድስት ሰዓት ላይ ስፓስን በግድያ ይከሳል። ከዚያ በፊት ሌላ ነገር ካላመጣች ጉዳዩ ከእጇ ይወጣል። ዳፊና ስልኩን ዘጋች። ስፓስ ያልሰበረውን ሰበርኩ ብሎ ለመፈረም ትንሽ የቀረው ሰው መሰላት። ሚስቱ የሌለችበት ቤትና እስር ቤት አንድ ሆነውበታል፤ ይህ ነው ያስፈራት።

ኢንገርን ያነጋገረቻት እንግዳ ማረፊያው ሳሎን ውስጥ ነው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ስልሳ የተጠጋት ሴት ናት፤ የባሏን መነጽር ከነማኅደሩ እጇ ላይ ይዛለች። ፕሬበን የጎህ መውጣትን ከላይ ሆኖ ፎቶ ሊያነሳ አሥራ ሁለት ከሃምሳ ላይ እንደወጣ፣ እሷ ግን ተኝታ እንደነበር ተናገረች። የማረፊያው ባለቤት ግን ዳፊናን ኮሪደር ላይ ጎትታ፣ ሴትዮዋ ባሏን ተከትላ ወጥታ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ጉንጯ ቀልቶ መግባቷን ሹክ አለቻት። ክፍላቸውም ለየብቻ መሆኑን ጨመረችላት፤ ይህንን ስትል ዓይኖቿ አበሩ።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነውና ዳፊና ወደ ሳሎኑ ተመልሳ ለምን እንደዋሸች ጠየቀቻት። ኢንገር ከቦርሳዋ ሥር፣ ከመሐረብ ተጠቅልሎ፣ ግማሹ ያለቀ የሲጋራ ፓኮ አወጣች።

"አቁሜያለሁ ብዬው ነበር" አለች። "አሥር ዓመት ሆነው። ክፍል የለየነው በማንኮራፋቱ ነው አልኩት፤ እውነቱ ግን የሲጋራው ሽታ እንዳይደርሰው ነው። ወንዙ ዳር ሄጄ ሁለት አጨስኩና አፌን ተጉመጥምጬ ገባሁ። እሱ ሲሞት እኔ ሲጋራ ነበር የምደብቀው።" ከዚያም የመነጽሩን ማኅደር ከፍታ ዘጋችው። "ገድለውት ነው? እሱን ብቻ ንገሪኝ። ሰው ጠልቶት ነው?"

ዳፊና አላውቅም አለቻት። እውነቷን ነበር። የወንዙ ዳር አሣ አጥማጅ ረጅሟን ሴት ማየቱን አረጋገጠ፤ ያ መንገድ እዚያው ተዘጋ።

ከሰዓት በኋላ ከትሪፎን ጋር ቤት ለቤት ዞሩ። ከደረጃው አናት፣ ከስፓስ በር ሃያ እርከን ከፍ ብሎ ያለው የእትዬ ኔዳ ቤት ነው። እትዬ ኔዳ የሰፈሩን ግማሽ ፊደል ያስቆጠሩ ናቸው፤ ዳፊናንም፣ ስፓስንም። ሰማንያ ሁለት ዓመታቸው ነው። በሩን የከፈተው ልጃቸው ገንቾ ነበር፤ ሸክላ ሠሪ ነውና ክንዱ ድረስ ጭቃ ነክቶታል። እናቱ እንደተኙ ነገራት። ምክንያቱም የልጅ ልጃቸው ራሊና፣ የእሱ ብቸኛ ልጅ፣ ሰኞ ማታ በአውቶቡስ ወደ ቪየና ሄዳለች። የጥርስ ሕክምና ልትማር ነው፤ አያት ሲያለቅሱ አድረዋል።

"ጠዋት የሰማኸው ነገር አለ?"

"ምንም።"

"ስፓስንስ አየኸው?"

ገንቾ እጁ ላይ ያለውን ጭቃ መላጥ ጀመረ። "ስፓስ ጥሩ ሰው ነው" አለ። "እንዲህ ያደርጋል ብዬ አላምንም።"

ዳፊና አመስግናው፣ ከበሩ ፊት የተበተነው አመድ ጫማዋ ላይ ስለተጣበቀ እግሯን ድንጋዩ ላይ እየጠራረገች ወረደች። ገንቾ ስለ ስፓስ ጥሩ መናገሩ ደስ ብሏት ነበር።

ማምሻውን የአስከሬን ሐኪሟ ደወለች። ሰውየው በጡጫ ወይም በድንጋይ አልተመታም፤ በቁሙ ወደ ኋላ ወድቆ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ነው ያረፈው። ደሙ የፈሰሰው ወደ ውስጥ ነው፣ ቀስ በቀስ።

"ወዲያው አልሞተም" አለች ሐኪሟ። "አርባ አምስት ደቂቃ፣ ምናልባትም አንድ ሰዓት በሕይወት ነበር። ብርዱ ነው የጨረሰው። ሆስፒታሉ ደግሞ ከዚያ አሥር ደቂቃ ነው፤ ዳፊና፣ ይገባሻል አይደል?"

ገባት። የጎተተው ሰው በሕይወት ያለ ሰው ነው የጎተተው። ይህን ለዐቃቤ ሕጉ ስትነግረው፣ "እንግዲያው ስፓስ ገፍቶት ነው፤ ክሱ እንዳለ ነው" አላት። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰዳትም፤ የሰውየው ተልጦ ያለቀ ተረከዝ ነበር የሚታያት።

ረቡዕ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ፣ አራት ሰዓት ብቻ ሲቀራት፣ ዳቦ ቤቱ ገባች። ትሪፎን አይብ ያለበት ትኩስ ባኒጻ ካልበላ አእምሮው አይሠራም። የዳቦ ቤቷ ሴት ወረፋ ባይኖርም ወሬ የማታቋርጥ ናት። ጎረቤቱ ሁሉ ምቀኛ እንደሆነ፣ ዱቄት እንደተበላሸ፣ ወጣቱ ሁሉ አገር ለቆ እንደሚሄድ እያወራች ባኒጻውን ጠቀለለች።

"የኔዳም የልጅ ልጅ ሄደች ይኸው" አለች። "ትናንት በጠዋት ሁለት ባኒጻ ለመንገድ ገዝታ፤ አባቷ ሻንጣውን እየጎተተ። ገና መክፈቴ ነበር። እንባዋ እዚህ ጉንጯ ላይ፣ አፏ ደግሞ ይስቃል።"

ዳፊና ሳንቲሙን እንደያዘች ቀረች። "ትናንት? ሰኞ ማታ አይደለም የሄደችው?"

"አልታወርኩም እኮ። አሥራ ሁለት ከሃያ ነው። አውቶቡሱ አንድ ሰዓት ላይ ነው የሚነሳው፤ ማታ አውቶቡስ የለም።"

ትሪፎን ባኒጻው አፉ ውስጥ እንዳለ ማላመጥ ተወ። ሁለቱም ደረጃውን መውጣት ጀመሩ። አባት ልጁ የሄደችበትን ቀን አይስትም፤ ገንቾ ዋሽቷል። ግን ለምን ይዋሻል? ልጅቷ ሰውየውን ምን ልታደርገው? ዳፊና እያለከለከች ወጣች፤ የስፓስን በር አለፈች፣ ወደ ላይ ቀና አለች፣ ያን ጊዜ አየችው።

አመዱን። ብርድ ሲመጣ በየበሩ አመድ ይበተናል፤ ሰው እንዳይንሸራተት። እሷም ከልጅነቷ ጀምሮ ስታየው ስለኖረች ዓይኗ አይቆምበትም፤ ትናንት እላዩ ላይ ቆማ ገንቾን ስታነጋግር እንኳ አላየችውም። ነገር ግን በረዶ ከጣለ ሁለት ሳምንት ሆኖታል። ከደረጃው ሥር እስከ አናቱ ካሉት አሥራ አንድ በሮች አመድ ያለው በአንዱ ፊት ብቻ ነው።

ቁጢጥ ብላ በቤቷ ቁልፍ ፋቀችው። ከአመዱ ሥር ስስ፣ ጠንካራ፣ እንደ መስታወት የጠራ በረዶ አለ። በረዶው ውስጥ ሁለት የጤና ቅጠሎች ተኝተዋል።

"ማነው የሚፍቅ? ዳፊና ነሽ እንዴ?" በሩ ተከፍቶ እትዬ ኔዳ ወጡ። አጭር፣ ጎበጥ ያሉ፣ ሹራባቸውን እስከ አንገታቸው የቆለፉ ሴት ናቸው። "ተነሺ፣ ጉልበትሽ ይታመማል። ያ ልጄ በደረቅ ቀን አመድ በትኖ ቤቴን ሁሉ ቆሻሻ አደረገብኝ። ምን ነካህ ብለው መልስ የለም። ስፓስን ለመፍታት ነው የመጣሽው? ስፓስ እኮ ሦስተኛ ክፍል ሆኖ ክንፏ የተሰበረ ወፍ አቅፎ ሲያለቅስ ትምህርት ያስተጓጎለ ልጅ ነው። እሱ ነው ሰው የሚገድለው?"

ዳፊና ቀስ ብላ ተነሳች። ጥያቄውን መጠየቅ አልፈለገችም። ዘወር ብላ ብትወርድ ደስ ባላት ነበር።

"ራሊናን በደህና ሸኟት?" አለች።

የእትዬ ኔዳ ፊት በራ። "አሳምሬ ነዋ። ሌሊት ተነስቼ በመዳብ ባልዲዬ ውሃ ቀዳሁ፤ የጤና ቅጠል ጨመርኩበት። ስትወጣ እዚህ ደጃፍ ላይ በፊቷ አፈሰስኩላት፤ መንገድሽ እንደ ውሃ ይፍሰስ፣ እንቅፋት አይንካሽ ብዬ። ለአባቷ ወታደር ሲሄድ አፍስሼለታለሁ። ለአንቺም ፖሊስ ትምህርት ቤት ስትሄጂ አፍስሼልሻለሁ፤ ረሳሽው? እስከ ደጃፉ ታችኛው ድንጋይ ድረስ ነው የፈሰሰው። አውራ ጣቴ እስኪደነዝዝ በርዶኝ ነበር፤ ግን ምን ችግር አለ።"

ትሪፎን ቆቡን አውልቆ እጁ ላይ ያዘው። ዳፊና እትዬ ኔዳን እቅፍ አድርጋ ብርድ ላይ አይቁሙ፣ ይግቡ፣ እኔ እመለሳለሁ አለቻቸው።

ገንቾ ከቤቱ ጀርባ ባለው ሥራ ቤቱ መንኮራኩሩን እያሽከረከረ ነበር። ዳፊና በሩን ዘግታ፣ "ራሊና የሄደችው ማክሰኞ ጠዋት ነው" አለችው። መንኮራኩሩ እየዘገመ ቆመ፤ ጭቃው ወደ አንድ ጎን ተዘነበለ። ሌላ ምንም ማለት አላስፈለጋትም። ተነስቶ ከመደርደሪያው አንድ ያልተቀባ ትልቅ ጋን አወረደና እጁን አስገብቶ ካሜራውን አወጣ። መስታወቱ ተሰንጥቋል። አንድ የሟቹ ጓንትም አብሮ ወጣ።

ነገሩን አጭር አድርጎ ነገራቸው። ልጁን አሳፍሮ አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ ሲመለስ ሰውየው በራቸው ፊት በጀርባው ተኝቶ አገኘው። ውሃው በረዶ ሆኗል። ጨለማው ገና አልገፈፈም፤ እናቱ ወጥ ቤት ሆነው ባልዲውን እያጠቡ ያንጎራጉራሉ። ወደ ስልኩ እጁን ሰደደ። ከዚያ እናቱ ያንን የምሥራች ዘፈን እየዘፈኑ በሩን ከፍተው ቢወጡ ምን እንደሚያዩ አሰበ። ብብቱን ይዞ ጎተተው፤ ሩቅ ሊወስደው ነበር፣ ግን ከደረጃው ሥር ሰው ድምፅ የሰማ መሰለውና ትቶት ሮጠ፤ ካሜራውንና ጓንቱን ከደጃፉ አንስቶ ደበቀ፣ በረዶውንም በአመድ ሸፈነ። የስፓስ በር መሆኑን ያየው ጠዋት ፖሊስ ሲመጣ ነው።

"ሞቶ ነበር" አለ። "ዓይኑ ግማሽ ተከፍቷል። ጠራሁት፣ አልመለሰም።"

"ደረቱን አዳመጥክ?"

"ጨለማ ነበር..."

"ገንቾ፣ አዳመጥክ ወይ?"

"አላዳመጥኩም።"

ዳፊና እንዴት እንደምትነግረው አላወቀችም፤ ቀጥታ ነገረችው። "ሰውየው አልሞተም ነበር። ከጎተትከው በኋላ ከግማሽ ሰዓት በላይ ሳይኖር አልቀረም። አንድ ስልክ ብትደውል ምናልባት ይተርፍ ነበር።"

ገንቾ ጭቃው መሐል መሬት ላይ ተቀመጠ። አላለቀሰም፤ አፉን በጭቃ እጁ ይዞ ወደ ፊት ወደ ኋላ ይወዛወዛል። ዳፊና አዘነችለት፤ ተናደደችበትም፤ ንዴቷ ከሐዘኗ በለጠ። ስፓስ ትናንት ሙሉ ቀን በዚህ ሰው ዝምታ ታስሮ ውሏል።

"ገፍቼዋለሁ ብለሽ ጻፊ" አለ ድንገት።

"ምን?"

"ተጣላን፣ ገፋሁት፣ ሞተ። እፈርማለሁ። ስንት ዓመት ይሁን፣ እቀበላለሁ። ውሃ የሚባል ነገር ብቻ እንዳይገባበት። ሰማንያ ሁለት ዓመቷ ነው፣ ዳፊና። ልባርክ ብላ ነው። ይህን ከምታውቅ ልጅሽ ነፍሰ ገዳይ ነው ብትባል ይሻላታል።"

ትሪፎን ወደ ዳፊና አየ። እሷም አሰበችበት፤ አላሰበችም ብንል እንዋሻለን። አንድ ገጽ ወረቀት ነው። ዐቃቤ ሕጉ ደስ ይለዋል፣ ስፓስ ይፈታል፣ ያቺ አሮጊት ውሃዋን አፍስሳ፣ ዘፈኗን ዘፍና ትኖራለች። ከዚያ ኢንገር ታሰበቻት፤ ባሌን ሰው ጠልቶት ገደለው ብላ ቀሪ ዕድሜዋን ሲጋራዋን ስታጨስ።

"አልጽፍም" አለች። "ሚስቱ ማወቅ ያለባት አንድ ነገር ነው፤ ማንም እንዳልጠላው። እሱን ላንተ ብዬ ልደብቃት አልችልም።"

"እናቴንስ?"

"እናትህ ከፍርድ ቤት ወረቀት ከሚሰሙ ከእኔ ይሰማሉ።"

ትሪፎን ገንቾን በጓሮ በኩል ይዞት ወረደ። አራት ሰዓት ተኩል ላይ ደውሎ ስፓስ መፈታቱን ነገራት። ስፓስ ሰውየውን በሩ ላይ የጣለው ማን እንደሆነ ጠይቆ ሲነገረው ወጥቷል፤ ቤቱ ግን አልሄደም፣ ወደ መቃብር ነው የሄደው።

ዳፊና ወጥ ቤቱ ውስጥ እትዬ ኔዳ ፊት ለፊት ተቀመጠች። የቀረበላትን ሻይ ሳትነካ ነገረቻቸው፤ ውሃውን፣ በረዶውን፣ ገንቾን፣ ደረጃውን። እትዬ ኔዳ ልጆችን ፈተና ሲፈትኑ እንደሚያደርጉት ሁሉ አንዴም ሳያቋርጡ አዳመጡ። እጃቸው ብቻ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ጨርቅ ማጠፍና መዘርጋት ያዘ።

"ስንት ጊዜ ቆየ?" አሉ በመጨረሻ። "ሰውየው።"

"አንድ ሰዓት ያህል።"

"ገንቾ ያውቅ ነበር?"

"ሞቷል ብሎ ነው።"

"አላየውም ማለት ነዋ።" ጨርቁን ተዉት። "ልጅ ሆኖ ብርጭቆ ሲሰብር አልጋ ሥር ነበር የሚደብቀው። ስጠርግ አገኘዋለሁ። እንዳያፍር ብዬ ስብርባሪውን ለቅሜ እጥልና ዝም እላለሁ። እስከ ዛሬ እንዳወቅሁበት አያውቅም። የሰውን ልጅ ሁሉ አስተምሬ የራሴን..." ለረጅም ጊዜ አለቀሱ፤ ዳፊናም እጃቸውን ይዛ አብራ አለቀሰች፤ ሃያ ሰባት ዓመት ፖሊስ ሆና ምስክር ፊት አልቅሳ አታውቅም።

"ሚስቱ እዚሁ ናት?" አሉ ፊታቸውን ጠርገው።

"ናት።"

"ሄጄ ላያት ብል?"

"አላውቅም፣ እትዬ። እጠይቃታለሁ።"

መስኮቱ ላይ ያለው ስልክ ጮኸ። የራሊና ስም ነው የወጣው። እትዬ ኔዳ ስልኩን አዩት እንጂ አላነሱትም።

"ገና መድረሷ ነው" አለች ዳፊና። "ዛሬ ባይነግሯትስ? ለምስክርነት የምንፈልጋት ከሳምንት በኋላ ነው። ጥቂት ቀን ትረፍ።"

እትዬ ኔዳ በእምቢታ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ስልኩን አንስተው ጆሯቸው ላይ አደረጉት። የልጅቷ ድምፅ ወጥ ቤቱን ሞላው። በደህና ደርሳለች፣ አውቶቡሱ ሞቃት ነበር፣ ድንበር ላይ አላስቆሟቸውም፣ ክፍሏ ትንሽ ቢሆንም መስኮት አላት፣ አባዬ ለምንድነው ስልክ የማያነሳው። እትዬ ኔዳ እስክትጨርስ ጠበቁ።

"በደህና መድረስሽ ደስ አለኝ" አሉ። "ራሊና፣ ቆመሽ ነው የምታወሪው? ተቀመጪ። የምነግርሽ አለ።"